የፕራዶ 120 ቶርክ ኮንቨርተር፦ ይታጠብ ወይስ ይቀየር?

ኦቶማቲክ ካምቢዮ ወርዶ ኦቨርሆል ሲደረግ ገንዘቡ የክላች ዲስክና ፓራኦሊዮ (የዘይት ማሸጊያ ጎማ) ላይ ያልቅና የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር «ታጥቧል» ተብሎ ይታለፋል። የ4.0 ቤንዚኑን ፕራዶ ባለ 5 ማርሽ ኤ750ኤፍ ካምቢዮ ይዘን በገበያ ያሉትን ሦስት አማራጮች እንያቸው።

ማጠብ። ኮንቨርተር ዙሪያውን የተበየደ ዝግ ዕቃ ነው። ናፍታ ወይም ቤንዚን ጨምሮ ማወዛወዝ ላላውን ዘይት ያወጣል እንጂ በክንፎቹ መሃልና ከሎክአፕ ክላቹ (በፍጥነት ላይ ሞተሩንና ካምቢዮውን በቀጥታ ከሚያያይዘው) ጀርባ የተጣበቀውን የዲስክ ዱቄትና የብረት ብናኝ አይነካውም። ያ ቆሻሻ ካምቢዮው ሲሞቅ ዘይቱን ወደየማርሹ ወደሚያከፋፍለው ቫልቭ ቦዲ ይሄዳል፣ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የዘይት በር) ያጣብቃል፣ አዲሱን ዲስክ ይበላል። ያለቀ የሎክአፕ ልባስ ደግሞ በምንም እጥበት አይመለስም። ስለዚህ በ60ና በ80 ኪሎ ሜትር መካከል ነዳጁን ለስለስ አድርገው ሲረግጡ ሲንቀጠቀጥ የነበረ መኪና ኮንቨርተር ማጠብ ገንዘብ ማባከን ነው።

ካምቢዮው የወረደው ለዘይት መፍሰስ ብቻ ከሆነ ግን ማጠብ ሊበቃ ይችላል። ወደ ካምቢዮው ፓምፕ ከሚገባው አንገቱ ትንሽ ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ ያፍስሱ። ንጹሕ ቀይ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ይለፉ፤ ከጠቆረ፣ ማረር ከሸተተ ወይም ወደ ብርሃን ሲያዞሩት ካብለጨለጨ ውሳኔው አለቀ፣ ይቀየር። ቀጥሎ ጣት አስገብተው የስታተሩን (የዘይቱን አቅጣጫ የሚመልሰውን የመሃል ክንፍ) ጥርስ ያዙሩ፦ በአንድ በኩል በነፃ መዞር፣ በሌላው መያዝ አለበት። በሁለቱም ከዞረ መኪናው ሲነሳ ጉልበት ያጣል፤ በሁለቱም ከያዘ በፍጥነት ላይ ይታፈናል፣ ዘይቱም ይግላል። ፓራኦሊዮ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ አዲስ ፓራኦሊዮም ያፈሳል። አንገቱ በዳያል ጌጅ ሲለካ ከ0.30 ሚሊ ሜትር በላይ መወላገድ የለበትም።

ያገለገለ። ከሱማሌ ተራ የሚገዛው ውስጡ አይታይም፤ የሌላ መኪና ብናኝ በገንዘብ መግዛት ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የመጨረሻው ምርጫ ነው።

ተቆርጦ የታደሰ። ዲስኩ ለተቃጠለ ካምቢዮ ትክክለኛው ይህ ነው፦ በቶርኖ ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ የሎክአፕ ልባሱ፣ ኩሽኔታዎቹና ማሸጊያዎቹ ተቀይረው እንደገና የተበየደ። በአየር ግፊት መፈተሹንና ባላንስ መደረጉን ሳይጠይቁ አይግዙ። ባላንስ ያልተደረገ ኮንቨርተር እየተርገበገበ የፓምፑን ቡሽና ፓራኦሊዮ ስለሚጨርስ በደንብ ከታጠበው ይብሳል።

ሲገጠም ወደ 1 ሊትር ዘይት ይጨመርበትና እየተሽከረከረ ይግባ፤ ግብዓት ዘንጉ፣ ስታተሩና ፓምፑ ላይ ተራ በተራ ሲቀመጥ በእጅ ይሰማል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲገጥም ኮንቨርተሩ በእጅ መዞር አለበት። ካልዞረ በቡሎን ስቦ ማስገባት የፓምፑን ጥርስ ይሰብራል፤ አውርዶ እንደገና ማስቀመጥ ነው። የራዲያተሩ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣም በዚያው ቀን ይታጠብ፣ አለበለዚያ የቀድሞው ብናኝ ተመልሶ የሚገባው አዲሱ ኮንቨርተር ውስጥ ነው።