ዲዋኒያ ወይስ ዶሃ ዲቤትስ?

ስለ አረቡ ዓለም ፖለቲካ ከሚወራባቸው መድረኮች ሁለቱን ላነጻጽር።

የኩዌቱ ዲዋኒያ፣ ማለትም ሰዎች ተሰባስበው የሚያወጉበት የእንግዳ መቀበያ፣ ቤት ውስጥ ነው። ማታ ላይ እንግዳው ይገባል፣ የተቀመጡትን ሁሉ ሰላም ይላል፣ ግድግዳውን ይዞ ከተደረደረው መቀመጫ ላይ አረፍ ይላል፣ ሄል የገባበት ቡና በትንሽ ስኒ ይቀዳለታል፣ ሲበቃው ስኒውን ነቅነቅ ያደርጋል። ወሬው ከገበያ ተነስቶ ፓርላማ ይደርሳል። ተራ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ! አሚሩ በ1986 እ.ኤ.አ. ፓርላማውን ከበተኑ በኋላ፣ በ1989 መጨረሻ ላይ «ይመለስልን» የሚለው ተቃውሞ የተቀጣጠለው በሰኞ ምሽት ዲዋኒያዎች ነው።

ዶሃ ዲቤትስ የተባለው የቴሌቪዥን ክርክር ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. ኳታር ውስጥ ተጀመረ። ጋዜጠኛው ቲም ሰባስቲያን ይመራው ነበር፣ በቢቢሲ ወርልድም ይተላለፍ ነበር። ያኔ አንድ አቋም ይቀርብ ነበር፣ ደጋፊና ተቃዋሚ ይፋጠጡ ነበር፣ ታዳሚው ይጠይቅ ነበር፣ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጥ ነበር።

ሰው የልቡን የሚያወራው ዲዋኒያ ላይ ነው፤ ካሜራ የለማ። ግን ባብዛኛው የወንዶች ቤት ነው፣ ይሄ በጣም ይከነክነኛል። ዶሃ ላይ ግን ወጣት ሴት ተማሪ ማይክ ይዛ ባለሥልጣን ታፋጥጥ ነበር። ለእኔ ይሄ ይበልጣል።