ናራ፣ የኦሚዙቶሪ ሌሊት፦ ለእሳቱ ሄዳችሁ ለጸሎቱ ቆዩ

ኦሳካ በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ናራ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት አሉ። በየካቲት ፀሐይ ወጣ ብላ ካፖርቴን ጥዬ ከመጣሁ ይቆጡኛል። «ኦሚዙቶሪ ሳያልቅ ብርዱ አይወጣም» ይሉኛል። የዚህ አገር ሰው ሁሉ እንዲሁ ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ሌላውን ሁሉ ትቼ ወደዚያ ወሰድኳት። ጃፓን ያላችሁ፣ ወይም በማርች ልትመጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ምን እንደወደድኩና ምን እንዳልወደድኩ እነሆ።

ኦሚዙቶሪ ናራ ባለው የቶዳይጂ ገዳም፣ ኒጋትሱዶ በሚባለው አዳራሽ፣ በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ 14 የሚደረግ የመነኮሳት የንስሐ ጸሎት ነው። እ.ኤ.አ. በ752 ጂትቹ የሚባል መነኩሴ ጀመረው። የገዳሙ ትልቁ ቡድሃ፣ ያ 15 ሜትር የሚጠጋው የነሐስ ሐውልት፣ የተመረቀውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ጸሎቱ አንድም ዓመት አልታጎለም። የ2026ቱ 1275ኛው ነበር። በ1667 አዳራሹ ራሱ በጸሎቱ ሰሞን ተቃጠለ፤ በ1669 መልሰው ሠሩት። ዛሬ የምናየው እሱን ነው።

ለጸሎቱ 11 መነኮሳት ይመረጣሉ። ካኖን በምትባለው፣ አሥራ አንድ ፊት ባላት የቡድሂስቶች የምሕረት አማልክት ፊት ቆመው ስለ ሰው ሁሉ ኃጢአት ይቅርታ ይለምናሉ። በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ ብቻ ይበላሉ። ከዚያ በኋላ የሌሊቱ ጸሎት እስኪያልቅ ውሃም አይቀምሱም። ይህን በባቡር ውስጥ ለእናቴ ስነግራት ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበርና ወዲያው ገባት። «እንዴ፣ ይሄማ የኛው ሰሙነ ሕማማት ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለእሳቱ ነው። እውነትም የሚያስደንቅ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ፣ በጃፓን ሰዓት 19፡00 ማለት ነው፣ የግቢው መብራት ይጠፋል። አንድ ሰው 6 ሜትር የሚሆን የቀርከሃ ችቦ ተሸክሞ በደረጃው ይወጣል። መነኩሴው ከኋላው ይከተላል። ችቦው የሚበራው መንገዱን ሊያሳየው ነው፤ ትርኢት ተብሎ አይደለም። ተሸካሚው ሰገነቱ ላይ ሲደርስ ችቦውን በአጥሩ ላይ አሻግሮ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ እያሽከረከረ ከግራ ጥግ ወደ ቀኝ ጥግ ይሮጣል። ፍንጣሪው እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሰዉ ይጮኻል። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እያለ እስከ አሥር ይደርሳል። ሁሉም 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ያ ፍንጣሪ የነካው ሰው ዓመቱን ከክፉ ይጠበቃል ይላሉ። የወደቀውን የከሰለ ቅጠል ለቅመው ቤታቸው የሚወስዱም አሉ።

የት እንቁም ለምትሉ፦ ከአዳራሹ በታች ያለው ሣር ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ሰገነቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያችኋል። ፍንጣሪው እንዲነካችሁ ከፈለጋችሁ እስከ ሰገነቱ ሥር ጠጉ፤ ግን ናይሎን ጃኬት አትልበሱ፣ ይበሳል። እናቴ ጋቢዋን ደርባ ነበር፤ ለብርዱም ለፍንጣሪውም ከእኔ ጃኬት በጣም ይሻል ነበር። እኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ደህና ቦታ አገኘን። ያልወደድኩት ነገር ስልክ ነው። ከፊት ያለው ሁሉ ክንዱን ወደ ላይ ዘርግቶ ስለሚቀርጽ አጭር ሰው ምንም አያይም። እናቴ ከጎኗ ያሉ አንድ አዛውንት ቦታ ባይለቁላት ኖሮ የምታየው የሰው ስክሪን ብቻ ነበር። እግዜር ይስጣቸው።

አሥረኛው ችቦ እንዳለፈ ሰዉ ግር ብሎ ይወርዳል። እኔ አትውረዱ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከኦሳካ በአስጎብኚ አውቶቡስ ሄዳ ነበር። እራት በላንች ቦክስ፣ ደርሶ መልስ፣ ከአሥር ሺ የን በላይ ከፍላለች። እሳቱ እንዳበቃ አስጎብኚዋ ባንዲራዋን ከፍ አድርጋ ሰበሰበቻቸው፤ 2 ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ጀመሩ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ጸሎቱ ገና ያኔ መጀመሩ ነው። ደግሞም ለመግባት አንድ የን አይከፈልም። የኪንቴትሱ ባቡር ከኦሳካ ናምባ እስከ ናራ 680 የን ነው፤ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከጣቢያው አጋዘኖቹ መሀል እያቋረጡ ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። ለዚህ አስጎብኚ ምን ያደርጋል?

እኛ ደረጃውን ወጣን። ጫማ አውልቀን ከአዳራሹ ጎን ወዳለችው ጠባብ ክፍል ገባን፤ ማንም ሰው ገብቶ ሊቀመጥባት ይችላል። ከእንጨት ፍርግርግ ኋላ በጨለማ ትቀመጣላችሁ። መሞቂያ የለም። ማሞቂያ ከረጢቶች ከሱቅ ገዝታችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉ። ፎቶ ክልክል ነው፣ ተመስገን። አንድ ነገር አስቀድሞ ቢነገር ጥሩ ነው፦ ሴት ከዚያ ክፍል አልፋ ወደ ውስጥ አትገባም። እኔን ቅር አሰኝቶኛል፣ አልዋሽም። እናቴን ግን ምንም አልመሰላት። «እኛስ መቅደስ እንገባለን?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የምትሰሙት እንጂ የምታዩት ጥቂት ነው። በነጭ መጋረጃ ላይ የመብራት ጥላ ይንቀሳቀሳል። መነኮሳቱ የእንጨት ጫማ አድርገው ሲራመዱ ወለሉ ይንኳኳል። ደወል አለ፣ ቀንደ መለከት የሚመስል የባሕር ዛጎል ይነፋል። ዜማው «ናሙ ካንጂዛይ ቦሳትሱ» እያለ፣ ካኖንን በሌላ ስሟ እየጠራ፣ በቀስታ ይጀምራል። እየፈጠነ ሲሄድ ቃሉ ያጥራል፦ «ናሙ ካንጂዛይ»፣ ከዚያ «ናሙ ካን»። አንዱ ይመራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። መሀል ላይ አንድ መነኩሴ ተነሥቶ ሙሉ ሰውነቱን ከሳንቃ ጋር ሲያላጋው ድምፁ ደረት ውስጥ ይሰማል። እናቴ ጃፓንኛ አንድ ቃል አታውቅም። ግን «ይሄ እግዚኦታ ነው» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው አልተናገረችም።

እኔ የመረጥኩት ማርች 5ን ነው፤ ይህንንም የነገሩኝ የመንከባከቢያው እናት ናቸው። በ5 እና በ12 ማታ የሙታን ስም ዝርዝር ይነበባል። ከንጉሠ ነገሥት ሾሙ ይጀምራል፤ ገዳሙን ያሠሩ፣ የቀረጹ፣ የረዱ ሰዎች ስም እየተከታተለ ይመጣል። ከ800 ዓመት በፊት ገደማ ሹኬይ የሚባል መነኩሴ ይህን ሲያነብ ሰማያዊ ልብስ የለበሰች ሴት ፊቱ ቆመች ይባላል። «የእኔን ስም ለምን ዘለልከው?» አለችው። እሱ ማን እንደሆነች አላወቀም። ልብሷን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰማያዊ የለበሰችው ሴት» ብሎ አነበበ። እሷም ተሰወረች። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ድምፅ ዝቅ አድርገው ያነቧታል።

ያን ማታ ሰማኋት። ስሞቹን ሁሉ መከተል አልቻልኩም፤ ብዙዎቹ በጣም የጥንት ናቸው። ግን አንባቢው በድንገት ድምፁን ሲያወርድ በክፍሏ ያለነው ሁሉ ወደ ፍርግርጉ ተጠጋን። ለእናቴ ታሪኩን በኋላ ስነግራት «ታዲያ ስሟን ለምን አልጠየቋትም?» አለች። በባቡር ስንመለስም ደግማ ጠየቀችኝ። እኔም መልስ የለኝም። ያቺን አንድ ደቂቃ ግን ከአሥሩም ችቦ አስበልጣታለሁ።

ስለ ምግቡ ትንሽ ልበል። በዚህ ሰሞን የናራ ጣፋጭ ቤቶች የካሜሊያ አበባ የሚመስል ጣፋጭ ይሠራሉ። መነኮሳቱ ለካኖን ከወረቀት በሚሠሩት አበባ አምሳል ነው፦ ቀይና ነጭ ቅጠል፣ መሀሉ ቢጫ። ጣፋጭ ባቄላ ነው፣ አፍ ላይ ይቀልጣል፤ ከመራራው የማቻ ሻይ ጋር በጣም ይስማማል። ግን ለጾመኛ አይሆንም፤ እኛ የገዛንበት ቤት ቢጫው ውስጥ የእንቁላል አስኳል አለ። ባለሱቋን ጠይቄ ባረጋግጥ ጥሩ አደረግሁ፤ እናቴ ሳትቀምሰው ቀረች። እኔ በሥራዬ ምክንያት ስለማልጾም የሁለታችንንም በላሁ። ለእሷ የሆናት ሳንጆ መንገድ ላይ ያለው የናካታኒዶ ሞቺ ነው። ሁለት ሰዎች በትልልቅ የእንጨት መዶሻ እየተፈራረቁ በሚያስፈራ ፍጥነት ሲወቅጡት ቆማችሁ ታያላችሁ። ሩዝ፣ ዮሞጊ የሚባል አረንጓዴ ቅጠል፣ ውስጡ ቀይ ባቄላ፣ ላዩ የአኩሪ አተር ዱቄት ነው። ሙቁን ብሉት። ሾርባ ነክ ነገር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ ቢመስልም አብዛኛው ከደረቀ ዓሣ የተቀዳ ነው። እራትም ቀደም ብላችሁ ብሉ፤ ናራ በጊዜ ይዘጋል።

ማርች 12ን አልመክርም። የዚያን ማታ ችቦ ትልቁ ነው፤ 8 ሜትር፣ ከ60 ኪሎ በላይ፣ ቁጥሩም 11። የሚጀምረው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለዚያ ሲባል ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፤ ግቢው ሲሞላ ይዘጋል። ለሰዓታት ቆሞ ሳያዩ መመለስ አለ። የበዓሉ ስም የመጣበት ውሃ («ኦሚዙቶሪ» ውሃ መቅዳት ማለት ነው) የሚቀዳው በዚያው ሌሊት፣ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከአዳራሹ በታች ካለው ጉድጓድ ነው፤ ግን የሚቀዳው በር ተዘግቶ ስለሆነ ሰው አያየውም። ማርች 14 ደግሞ ችቦዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፤ ለፎቶ ያማረ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ልጅ ወይም ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በሥራ ቀን ሂዱ። 5፣ 6 እና 7 ከሆነ ደግሞ መነኮሳቱ በአዳራሹ ውስጥ ሲሮጡ በሌሊት ትሰማላችሁ፤ ያን ለመስማት ግን ናራ ማደር ያስፈልጋል።

ለከርሞ ያሰብኩት የውሃውን መነሻ ነው። ያ ውሃ ፉኩይ ውስጥ ካለችው ኦባማ ከተማ በመሬት ሥር አሥር ቀን ተጉዞ ናራ ይደርሳል ብለው ያምናሉ። ማርች 2 ማታ ኦባማ ላይ፣ ከጂንጉጂ ገዳም እስከ ወንዙ ዳር፣ ሕዝቡ ራሱ ችቦ ይዞ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ችቦውን እዚያው መግዛት ይቻላል፤ ባዕድ ነህ ብሎ የሚከለክል የለም። አብራችሁኝ ልትሄዱ የምትፈልጉ ካላችሁ ማደሪያ ከጥር በፊት እንያዝ፤ ከሌሊቱ በኋላ ወደ ኦሳካ የሚመልስ ባቡር የለም።