ጎንደር ላይ ቤዝ ጊታር የምታስጠግኑ፦ ሞረድ ከመነሳቱ በፊት አንገቱን አስለኩ

ለጥምቀት ከውጭ ገብታችሁ ጊታር ወይም ቤዝ ጥዝዝ ካለባችሁ ይህን አንብቡ። ፒያሳ አካባቢ ያለ፣ ስሙን የማልጠራው ቤት «ፍሬቱ አልቋል» (ፍሬት አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ብረቶች ናቸው) ብሎ 4,500 ብር ተቀበለኝ። «ነገ ና» ሲባል ዘጠኝ ቀን ሞላ። ፍሬቱ ግን አላለቀም ነበር።

ቤዜ ላይ 45–105 ክር ወልቆ ቀጭኑ 40–95 ገብቶበታል (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በሺኛ ኢንች ነው)። ቀጭን ክር አንገቱን የሚስብበት ጉልበት ያንሳል፤ ውስጥ ያለው ትረስ ሮድ (የክሩን ስበት የሚቋቋም ዘንግ) ያሸንፍና አንገቱ ቀጥ ይላል፣ ሲብስም ወደ ኋላ ይለመጣል። ያኔ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ፍሬት ይንጫጫል፣ ከዚያ በላይ ንጹሕ ነው። ከ12ኛ በላይ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚታየው የሳድሉ (ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበት ብረት) ከፍታ ነው፤ አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ አንዱ ፍሬት ብድግ ብሏል፤ ክሩ ሳይያዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ የነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ቁራጭ) ቦይ ጠልቋል። አምፕ ውስጥ የማይሰማ ትንሽ ጥዝዝታ ከሆነ ተዉት።

ልኬቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ክሩ ተቃኝቶ 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሩን ተጭኖ የሚይዝ መቆንጠጫ) ይታሰራል፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ላይ በጣት ይያዛል፤ በ8ኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ለቤዝ 0.3፣ ለጊታር 0.2 ሚሊ ሜትር ግድም ክፍተት መኖር አለበት። መካኒክ ቫልቭ የሚለካባት ስስ ብረት ትበቃለች። ፒያሳ ግን ይቺን ማንም አላነሳም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ቢሆን ቁጥሩን ሳያሳዩህ አይነኩልህም፤ ዋጋቸው ያስለቅሳል እንጂ።

የፒያሳዎቹ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ፍሬቶች ብቻ ሞረዱ። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ 3ኛው ሲያዝ ክሩ ያልተሞረደውን 4ኛውን ይመታል፤ የተሞረዱት አናት ጠፍጣፋ ስለሆነም ድምፁ ይሻክራል፣ ቅኝቱም ይዛነፋል። ስትነግሯቸው «ክሩ ነው» ይላሉ!

አዘዞ መንገድ ላይ ያለው ልጅ ግን (አባቱ ማሲንቆ ተጫዋች ነው፤ ፍሬት በሌለው መሣሪያ ያደገ ጆሮ) ሰምቶ ብቻ «አንገቱ ነው» አለ። ትረስ ሮዱን ወደ ግራ ሩብ ዙር አላላ፣ አሳደረው፣ ጠዋት ለክቶ ትንሽ ጨምሮ አላላ። 400 ብር። ሦስቱን ፍሬቶች ግን መቀየር እንጂ መመለስ አይቻልም ብሎ እቅጩን ተናገረ።

ስትመጡ የለመዳችሁትን ውፍረት ክርና የትረስ ሮዱን ቁልፍ ያዙ። የአሜሪካ ቤዝ ብዙውን ጊዜ በኢንች ነው፤ ተቀራራቢ የሚሊ ሜትር ቁልፍ ከገባ ማዕዘኑን ይበላዋል።