የፈጠራ ችሎታ ያለው የመስመር ተከላካይ፦ በመስመሩ ይቆይ ወይስ ወደ መሐል ሜዳ ይግባ?

በመስመሩ ሲቆይ ጨዋታውን በሙሉ ፊት ለፊቱ ያያል፤ የሜዳው ጠርዝ ባለበት ወገን ጫና ስለሌለበትም ቀና ብሎ ረጅም ተሻጋሪ ኳስ ለመላክ ጊዜ ያገኛል። አደጋው ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ከኋላው የሚተወው ክፍት ቦታ ነው።

መሐል ሜዳ ሲገባ ኳስን ደጋግሞ ያገኛል፤ በግራም በቀኝም የማቀበል አማራጭ አለው። ነገር ግን ጫናው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣ፣ ኳሱ እግሩ ጋር ከመድረሱ በፊት ወደ ኋላው ዞር ብሎ ማየትንና በመጀመሪያው ንክኪ መዞርን መልመድ ግድ ይለዋል፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል። የጀርመኑ የመስመር ተከላካይ ፊሊፕ ላም በባየርን ሙኒክ በአሰልጣኝ ፔፕ ጋርዲዮላ ሥር ሽግግሩን በብቃት ተወጥቶታል። እንግሊዛዊው የመስመር ተከላካይ ትሬንት አሌክሳንደር አርኖልድ ግን እ.ኤ.አ. በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ሁለት ጨዋታዎች በመሐል ሜዳ ተጫዋችነት ጀምሮ በሦስተኛው ከቋሚ አሰላለፍ ወጥቷል፤ በሁለት ጨዋታ መፍረድ ግን ተገቢ አይመስለኝም።

በጠባብ ቦታ ለሚረጋጋና አጭር ቅብብል ለሚወድ ተጫዋች መሐል ሜዳው ይሻለዋል። ዋና መሣሪያው ረጅም ኳስ ከሆነና ከጎኑ ቦታ የሚሸፍንለት ፈጣን የመሐል ተከላካይ ካለ፣ በመስመሩ መቆየቱ ይመረጣል። ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ብቻ ወደ መሐል የሚገባበት አሠራርም አለ፤ ሊቨርፑል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ አርኖልድን የተጠቀመበት በዚህ መንገድ ነበር።