ለፈሪና ባለ ረጅም ጸጉር ውሻ የትኛውን መሣሪያ መግዛት ይሻላል? የማበጠሪያዎችና የቶንዶሶች ንጽጽር

እንደ ማልቲዝ፣ ሺ ትዙና ዮርክሻየር ቴሪየር ያሉ ጸጉራቸው ሳያቋርጥ የሚያድግ ውሾች በየጊዜው ካልተበጠሩ ጸጉራቸው ይቋጠራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ መበጠርን ስለማይፈቅድ ቋጠሮው በዚያው ልክ እየጠነከረ ይሄዳል። ሻጮች መሣሪያዎቹን የሚያወዳድሩት አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነታቸው ነው። ለፈሪ ውሻ ግን ዋናው ጥያቄ መሣሪያው ምን ያህል ይጎትታል፣ ምን ያህል ይጮኻል፣ ምን ያህልስ ይሞቃል የሚለው በመሆኑ፣ እዚህም የተመዘኑት በእነዚህ ነው።

በእጅ ከሚሠራባቸው ዕቃዎች መካከል ስሊከር የሚባለው ብሩሽ ጫፋቸው የታጠፈ ቀጫጭን ሽቦዎች ያሉት ሲሆን፣ የተጠላለፈ ጸጉርን በመፍታት የሚስተካከለው የለም። ሆኖም ጫን ሲሉበት ቆዳን ይቧጭራል፤ አንድ ጊዜ የተቧጨረ ፈሪ ውሻም በሌላ ቀን ብሩሹን ገና ሲያይ አልጋ ሥር ይገባል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በክንድዎ የውስጥ ክፍል ላይ ይሞክሩት፤ እርስዎን ካቃጠለዎት ለውሻውም አይሆንም። ዘርዘር ያሉ ረጃጅም ሽቦዎች በጎማ ላይ የተተከሉበት ፒን ብሩሽ በአንጻሩ ለስላሳ ስለሆነ ውሻው ቶሎ ይለምደዋል፤ ጉድለቱ ቋጠሮውን ሳይነካ በላይ በላዩ ማለፉ ነው። ባለቤቱ ጸጉሩ ሐር መስሎ ሲታየው ከጆሮ ጀርባ፣ በብብትና በጉያ በኩል ሥሩ ግግር ሆኖ ይቆየዋል። ይህን የሚያጋልጠው ግማሹ ሰፊ፣ ግማሹ ጠባብ ጥርስ ያለው የብረት ማበጠሪያ ነው። ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት ይህንኑ እንዲገዙ እመክራለሁ፤ ድምፅ የለውም፣ አይሞቅም፣ የጸጉሩን ሥር በአንድ እጅ ጨብጠው ከጫፍ ወደ ሥር በጥቂት በጥቂቱ ከሄዱ ደግሞ ቆዳውን አይስብም። የውስጥ ጸጉር ማውጫ ሬክ የሚጠቅመው እንደ ጎልደን ሪትሪቨር ድርብ ጸጉር (ከላይኛው ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጸጉር) ላላቸው ብቻ ነው፤ የማልቲዝ ባለቤት ገንዘቡን ባያወጣበት ይሻላል።

ለጠነከረ ቋጠሮ ገበያው መቀስን፣ ባለ ምላጭ ቋጠሮ መሰንጠቂያንና ቶንዶስን ያቀርባል። ከሦስቱ በጣም አደገኛው፣ የሚያስገርም ቢሆንም፣ መቀስ ነው፤ ምክንያቱም ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ላይ ስቦ ስለሚይዝ፣ ውሻው ድንገት ሲነቃነቅ ከጸጉሩ ጋር ቆዳው ይቆረጣል። መሰንጠቂያው ጸጉሩን ከመላጨት ቢያድንም በእያንዳንዱ ምት ስለሚጎትት፣ ረጋ ላለ ውሻ እንጂ ለፈሪ አልመርጠውም። ቶንዶስ ግን ቁጥር 10 በሚባለው ምላጭ ከቋጠሮው ሥር ገብቶ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ጸጉር አስቀርቶ ያነሣዋል። ድርብ ጸጉር ያለውን ውሻ መላ አካሉን መላጨት ግን አይገባም፤ ጸጉሩ እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላልና። ደግሞም ቋጠሮው ሳይፈታ ውሻውን አያጥቡት፤ ውኃ ሲነካው ይበልጥ ይጠብቃል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በቶንዶስ ምርጫ ላይ ነው። ለሰው ተብሎ የተሠራው ርካሽ ቶንዶስ በውሻ ጥቅጥቅ ጸጉር ውስጥ ይታፈናል፤ ሲታፈንም ጸጉሩን ከመቁረጥ ይልቅ ይነጫል። ከአሜሪካ ዕቃ የሚያስመጡ አንባቢዎች በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምልልስ) ሲሆን የኢትዮጵያው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በገመድ የሚሠራው በማግኔት የሚንቀጠቀጥ ቶንዶስ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ቮልቱ እንጂ ኸርዙ ስለማይስተካከል ጉልበቱ ይደክማል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ ባትሪ ቶንዶስ በሁለቱም አገር ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ሥራውን በእንጥልጥል አያስቀርም፣ ውሻውን የሚያስደነግጥ ገመድም የለውም። ድምፁን በተመለከተ፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዴሲቤል ሲያነጻጽሩ የ10 ዴሲቤል ልዩነት የድምፁን ኃይል በ10 እጥፍ እንደሚለውጥ ያስታውሱ። ምላጩንም በየጥቂት ደቂቃው በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ እርስዎን ከፈጀዎት የውሻውን ሆድ ያቃጥለዋል።

ለማለማመጃ ከሚሸጡት መካከል ምግብ ተቀብቶበት የሚላሰው የጎማ ምንጣፍ ከሁሉ ርካሹና ጠቃሚው ነው፤ የሚቀቡት የኦቾሎኒ ቅቤ ከሆነ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ እንደሌለበት ያረጋግጡ፣ ውሻን ይገድላልና። አንገት የሚይዘው የጠረጴዛ ማሰሪያ ግን ፈሪ ውሻ ሲዘል ሊያንቀው ስለሚችል ለቤት አልመክረውም፤ ለሚናከስ ውሻ አፍ ከፍቶ እንዲያለከልክ የሚያስችለው የቅርጫት ዓይነት የአፍ መከለያ ይሻላል። ቶንዶሱን ራሱ መጀመሪያ ጠፍቶ፣ ቀጥሎ በሌላ ክፍል በርቶ፣ በኋላም ጀርባው ብቻ ሰውነቱን እየነካ ያስለምዱት። ውሻው ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ካዛጋ ወይም የዓይኑ ነጭ ከታየ የዕለቱ ሥራ በዚያው ይብቃ።

ለማድረቅ ወፍራም ፎጣ ከሁሉም ይበልጣል፤ የሰው ጸጉር ማድረቂያ የግድ ካስፈለገ በዝቅተኛው ሙቀት ይሁን።

ጸጉሩ እስከ ቆዳው የተቋጠረና ለመንከስ የሚቃጣ ውሻ ካለዎት ምንም ዓይነት መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ፤ የሰው ማስታገሻ በራስዎ ፈቃድ ፈጽሞ አይስጡት። በማደንዘዣ አንድ ጊዜ ተላጭቶ፣ አዲስ በሚበቅለው አጭርና ንጹሕ ጸጉር ላይ የብረቱን ማበጠሪያ መልመድ ይችላል፤ ቶንዶስ ያስፈልገው እንደሆነ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።