ደብረ ማርቆስ ላይ ባጃጅ ለምትነዱ

ባጃጄ እያነቀው ሲያስቸግረኝ መናኸሪያው አካባቢ ያለችው መካኒክ ጋ ወሰድኩት። ሞተሩን ዘላ አልበተነችም። መጀመሪያ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታ አሳየችኝ፤ ጥላሸት መስሏል። «ነዳጅ በዝቶበታል፣ አየር አጥሮታል» አለችኝ። እውነትም የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ በአቧራ ተደፍኗል። እሱን ቀየረች፣ ካንዴላውን አጽድታ ገጠመች፣ ወዲያው ተነሳ። ዋጋውንም ሳትነካው በፊት ነው የነገረችኝ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ማግኘት መታደል ነው።

እዚያው እያለሁ አንድ ደንበኛ መጥቶ «እህቴ፣ ባለሙያው የለም እንዴ?» አላት። «እኔ ነኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ግን በጣም ከፋኝ። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሴቶች እኮ አውሮፕላን ራሳቸው አብርረው ባንኮክ አድርሰዋል! የባጃጅ ሞተር ምኑ ይገርማል?

ወረፋ አለባት፤ በጠዋት ሂዱ።