ማንም ያላነበበውን ጥናታችንን «በአቻ ተገምግሟል» ብለው አወጡት

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደልኝ በኋላ አለሳልሼ እንዳልጽፈው እፈራለሁ። ተማሪዬ ዓመታት የለፋችበት የመጀመሪያ ፔፐሯ፣ አንድም ሰው ሳያነበው፣ «በአቻ የተገመገመ» (በሙያው ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች መርምረውታል ማለት ነው) የሚል ታፔላ ተለጥፎበት አንድ የሳይንስ ጆርናል ላይ ወጥቷል። አንሱልን ብለን ለምነናል፤ አሻፈረን ብለዋል። ለማንሳትም ገንዘብ ጠይቀውናል። ባዮሎጂ ላይ የምትሠሩ ሁሉ፣ በተለይ የመጀመሪያ ፔፐራችሁን ልትልኩ የተዘጋጃችሁ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ።

የእንዲህ ያሉ ጆርናሎችን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ኢሜይል ስትከፍቱ «ክቡር ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ጥናትዎን አንብበን ተደንቀናል» የሚል መልእክት ይጠብቃችኋል። እናንተ የምትሠሩት ስለ አፈር ባክቴሪያ፣ ጋባዡ ጆርናል ስለ ጥርስ ሕክምና። ፈጣን ግምገማ፣ ልዩ ቅናሽ፣ ማን እንዳሰላው የማይታወቅ ኢምፓክት ፋክተር (የጆርናሉ ጽሁፎች ምን ያህል እንደሚጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር)። እንዲህ ያለውን ሁላችንም ሳናነብ ነው የምንሰርዘው።

የኛው ግን እንደዚያ አልመጣም። ለተማሪዬ ነው የጻፉላት፣ በስሟ፣ በጉባኤ ላይ ያቀረበችውን የፖስተር ርእስ ጠቅሰው። ለመመረቅ ፔፐር የግድ የሚሆንባቸውን ልጆች ለይተው ነው የሚያድኑት። ድረ ገጹ ንጹሕ ነው። የአርታኢ ቦርዱ ዝርዝር ላይ በሙያው የምናውቃቸው ሰዎች ስም አለ። የግምገማ ደንቡም በግልጽ ተጽፏል፤ እያንዳንዱ ጽሁፍ ቢያንስ በሁለት ገለልተኛ ገምጋሚዎች ይታያል ይላል። እኛ የፈለግነውም ይህንኑ ነበር። ሥራውን የማያውቀን ሰው በጥንቃቄ እንዲያይልን።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ካልሆነ የተደረገብን አይገባም። ከአፈር የተገኘ አንድ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ነገር ሻጋታን ያቆም እንደሆነ ነው የፈተነችው። ባክቴሪያውን አሳድጋ፣ የሚያወጣውን ንጥረ ነገር ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ለይታ፣ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ላይ አንጠባጥባ፣ ሻጋታው በሚያድግበት ፔትሪ ዲሽ ላይ ታስቀምጣለች። ንጥረ ነገሩ የሚሠራ ከሆነ በዲስኩ ዙሪያ ሻጋታ የማይደርስበት ጥርት ያለ ክብ ይፈጠራል። የክቡ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል። እያንዳንዱ ፔትሪ ዲሽ ላይ ደግሞ ሜታኖል ብቻ የነካው ዲስክ አስቀምጣለች። ሻጋታውን የገደለው ሜታኖሉ ራሱ ቢሆንስ? ያ ዲስክ ከሌለ ጥናቱ ከንቱ ነው። ማንኛውም ደህና ገምጋሚ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው። ስለ እሱ ሙሉ አንቀጽ ጽፋ ነበር፣ እንዲጠይቋት ተዘጋጅታ።

የግምገማው መልስ ሳምንት ሳይሞላው መጣ። እውነተኛ ግምገማ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል፤ ገምጋሚዎቹ ያለ ክፍያ፣ ከራሳቸው ሥራ ሰዓት ቀንሰው ነው የሚያነቡት። ቢሆንም ተማሪዬ በደስታ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች፤ ፋይሉን አብረን ከፈትነው።

አንድ ገጽ ቅጽ ነው። «አዲስነት»፣ «ዘዴ»፣ «አቀራረብ» የሚሉ ሣጥኖች አሉት፤ ሁሉም ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚለው ተመርጧል። ከታች «ለደራሲዎቹ የተሰጠ አስተያየት» የሚል ቦታ አለ፤ ሦስት ዐረፍተ ነገር። አንደኛው፣ ቋንቋው ትንሽ ቢታረም። ሁለተኛው፣ አዳዲስ ማጣቀሻዎች ቢጨመሩ። ሦስተኛው፣ የታካሚዎቹ ዕድሜና ጾታ በሠንጠረዥ ቢቀርብ።

ተማሪዬ ቀና ብላ አየችኝ። «የትኞቹ ታካሚዎች?» አለችኝ።

ታካሚ የለንም። ሰውም እንስሳም የለም። ሻጋታና ባክቴሪያ ነው ያለን። ምናልባት ፋይል ተምታቶባቸው ይሆናል ብዬ የሁለተኛውን ገምጋሚ ከፈትኩ። ያው ሣጥን፣ ያው ምልክት፣ ያው ሦስት ዐረፍተ ነገር፣ የታካሚዎቹ ዕድሜና ጾታም ጭምር። የመጀመሪያው ላይ አንድ ቃል ፊደል ተገድፎበት ነበር፤ እዚህም ያው ቃል ላይ ያው ፊደል ተገድፏል። የተለወጠው ከላይ ያለው የገምጋሚ ቁጥር ብቻ ነው። ስለ ሜታኖሉ ዲስክ አንድ ቃል የለም። ከዚያው ኢሜይል ጋር ሁለት ነገር ተያይዟል፤ «ጽሁፍዎ ተቀባይነት አግኝቷል» የሚል ደብዳቤና ደረሰኝ። የተጠየቅነው ክፍያም ስንልክ ድረ ገጹ ላይ ካየነው ይበልጣል።

ልጅቷ ምንም አላለችም። ላፕቶፑን ዝም ብላ ዘጋችው። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

በዚያው ቀን ጻፍኩላቸው። ግምገማው የኛን ሥራ አይመለከትም፣ ጽሁፉን ስበናል፣ ክፍያም አንፈጽምም አልኩ። መልስ የሰጠኝ «ማኔጂንግ ኤዲተር» ነኝ የሚል ሰው ነው። ጽሁፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መሳብ የሚቻለው «የመሳቢያ ክፍያ» ሲከፈል ነው አለኝ። ይህ ክፍያ ስንልክ የትም ቦታ ተጽፎ አላየነውም። ታካሚ የሚለው ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። «ገምጋሚዎቻችን ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ናቸው፤ አስተያየታቸውን ማክበር ይኖርብዎታል» አለኝ። ገምጋሚዎቹ የባዮሎጂ ሰዎች መሆናቸውን ብቻ አረጋግጥልኝ አልኩት። ያኔ የጻፈልኝን አልረሳውም። «እርስዎ የሚፈልጉት ፐብሊኬሽን ነው፤ እሱን ሰጥተንዎታል። ሌሎች ደንበኞቻችን እንዲህ አያስቸግሩንም።»

ደንበኛ። ለሱ እኔ ሸቀጥ ገዝቼ የማማርር ሰው ነኝ። ጥናቱ ትክክል ይሁን ስህተት ደንታው አይደለም። ከዚያ በኋላ ላልኩት ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ጽሁፉ ወጣ። ሳንከፍል፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሳናይ፣ ሳንፈርም። ሥዕሎቹ ደብዝዘዋል፤ የአንዱ ሠንጠረዥ ዓምዶችም ተዛንፈዋል። ዲኦአይ፣ ማለትም የታተመ ጽሁፍ የሚለይበት ቋሚ መለያ ግን አለው። ደረሰኙም አሁንም በየጊዜው ይመጣል፣ የቅጣት ማስፈራሪያ እየተጨመረበት።

ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ገንዘብ አልከፈላችሁም ያለኝ ሰው አለ። ችግሩ ይህ ነው። የሳይንስ ጆርናሎች አንድ ቦታ የታተመን ውጤት ዳግመኛ አይቀበሉም። በአንድ ጊዜ ሁለት ጆርናል ጋር መላክም ነውር ነው። ስለዚህ ያ ጽሁፍ እዚያ ተቀምጦ እስካለ ድረስ ደህና ጆርናል ጋር ብንልከው «ይህ ታትሟል» ይባላል። ይህን አሳምረው ያውቃሉ። የመሳቢያ ክፍያ የሚባለው ነገር ሌላ አይደለም፣ የቤዛ ገንዘብ ነው። ልጅቷ ያገኘችው ውጤት፣ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ማንም የማያምነው ቦታ ላይ ታስሯል።

የአቻ ግምገማ እንከን የለውም አላልኩም። የሚዘገይ፣ የሚያዳላ፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ክፉ የሆነ ገምጋሚ አይቻለሁ። ግን አንድ ገምጋሚ በሌላ ሥራዬ ላይ «ይህን ሙከራ በሌላ ዝርያ ድገሙት» ብሎኝ ወራት አስለፍቶኛል፤ ውጤቱም ከጠበቅኩት በጣም ጠበበ። ያን ሰው እስከዛሬ ማን እንደሆነ አላውቀውም። አመሰግነዋለሁ። እኛ የተነጠቅነው ያንን ነው፣ ሥራህን ከልቡ የሚያነብ የማያውቅህን ሰው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ጆን ቦሃነን የተባለ ባዮሎጂ የተማረ ጋዜጠኛ ለ«ሳይንስ» መጽሔት የሠራውን አስታውሱ። ላይከን ከሚባል፣ ድንጋይና ዛፍ ላይ ከሚበቅል ሕያው ነገር የተገኘ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋስ ያቆማል የሚል የውሸት ፔፐር አዘጋጅቶ ለ304 ክፍት (ማንም በነፃ ሊያነባቸው ለሚችል) ጆርናሎች ላከ። ስህተቱን ሆን ብሎ ነው ያስገባው። ንጥረ ነገሩ የተሟሟው አልኮል ውስጥ ነው፤ ኮንትሮል የሆኑት፣ ማለትም ለማነጻጸሪያ የተያዙት ሕዋሳት ግን አልኮሉን አላገኙም። ማለትም የኛዋ ልጅ በሜታኖሉ ዲስክ የዘጋችው ቀዳዳ እዚያ ሆን ተብሎ ክፍት ተትቷል። ማንም የላቦራቶሪ ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። 157 ጆርናሎች ተቀበሉት፤ ውድቅ ያደረጉት 98 ናቸው። እኛ ትክክለኛውን ኮንትሮል አስቀምጠን፣ እሱ ሆን ብሎ አስቀርቶ፣ ያገኘነው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ ትልቅ የጆርናል አሳታሚ ድርጅትን ከሰሰ። ክሱን ሳነብ የኛን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። ያልተደረገን ግምገማ ተደርጓል ማለት፣ ያልተስማሙ ሳይንቲስቶችን ስም አርታኢ ብሎ መለጠፍ፣ ክፍያውን ጽሁፉን ከተቀበሉ በኋላ ማሳወቅ፣ ልሳብ ያለውን አለመልቀቅ። እ.ኤ.አ. በ2019 ፍርድ ቤቱ ድርጅቱን ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነበት። ያም ሆኖ ኢሜይሎቹ አልቆሙም። ስም ለውጦ ሌላ ድረ ገጽ መክፈት ቀላል ነው፤ የኛዎቹን በስም ብጠራቸው ነገ በሌላ ስም ይመጣሉ።

የቦርዱን ነገር ደግሞ በኋላ አጣርቼዋለሁ። ዝርዝሩ ላይ ስማቸው ካለ ሰዎች ለአንዷ ጻፍኩላት። የጆርናሉን ስም ሰምታ አታውቅም። ሌላው የቦርድ አባል ደግሞ ስሙን እንዲያነሱ ከዚህ በፊት ጽፎላቸው እንደነበር ነገረኝ፤ መልስ ግን አላገኘም።

ምክር ካላችሁኝ አጭር ነው። ከመላካችሁ በፊት ከቦርዱ አባላት ለአንዱ ጻፉና «እውነት እዚህ አለህ?» በሉት። የጆርናሉን ስም ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ ራሳችሁ ፈልጉ፤ እነሱ ድረ ገጻቸው ላይ የለጠፉትን አርማ አትመኑ። ያሳተሟቸውን ሁለት ሦስት ፔፐሮች አውርዳችሁ በሙያችሁ ዓይን አንብቡ። የመሳብ ደንባቸውንና ሙሉ ክፍያውን ስትልኩ በጽሁፍ ጠይቁ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሥራችሁን አስቀድማችሁ የባዮሎጂ ጽሁፎች ከግምገማ በፊት በሚቀመጡበት ባዮአርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አስቀምጡት፤ ቢያንስ ቀኑና ትክክለኛው ቅጂ በእጃችሁ ይሆናል። ተማሪ ያላችሁ መምህራን፣ በስማቸው የሚመጣላቸውን ግብዣ አብራችሁ እዩላቸው።

አንድ ነገር ከናንተ እፈልጋለሁ። ከእንዲህ ዓይነት ጆርናል ጽሁፉን ሳይከፍል ያስነሳ፣ ወይም ጽሁፉ እዚያ እያለ ሌላ ጆርናል ሁኔታውን አስረድቶ የተቀበለው ሰው ካለ፣ ለአርታኢው ምን ብሎ እንደጻፈ ይንገረኝ። የላክናቸው ኢሜይሎች በሙሉ፣ ሁለቱም የግምገማ ቅጾች፣ ጽሁፉን ስበናል ያልንበት ቀን ሁሉም በእጃችን አለ። ለየትኛው ጆርናል እንዴት አድርገን እንደምናቀርበው ነው ያልገባን።